«ደኅና ነኝ» የሚለው መልስ
(ስለ ማኅበራዊ ጤና ተመራማሪ ሥራ፤ ከአብደራፊ ቆላ)

ባለፈው ክረምት ከጎንደር ወደ ቆላ በምወርድበት አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ መምህር፣ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም፣ «በጤና ጥበቃ በኩል የማኅበራዊ ሳይንስ ከፍተኛ ተመራማሪ ነኝ» ብዬ መለስሁላቸው። መምህሩ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «መርፌ ይወጋሉ?» አሉኝ። «አልወጋም።» «ደም ይመረምራሉ?» «አልመረምርም።» «እንግዲያስ ምን ይሠራሉ?» «ሰው እጠይቃለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «መጠየቅማ ማን ያቅተዋል!» አሉ።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ጠይቆም ደጃዝማችነት ሊቀር እንደሚችል፣ ይልቁንም በክፉ አኳኋን የተጠየቀ ጥያቄ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ የተማርሁት በውጭ አገር ትምህርት ቤት ሳይሆን በአብደራፊ የሰሊጥ እርሻ ውስጥ ነው። ለመምህሩ በመንገድ ላይ በአጭሩ የነገርኋቸውን አሁን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ዘርዘር አድርጌ ለማቅረብ አስቤአለሁ።

አብደራፊ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ ለሱዳን ወሰን ቅርብ የሆነች የቆላ ከተማ ናት። ከጎንደር ደጋ ጋቢ ለብሶ የተነሣ መንገደኛ እዚያ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ግራርና ላሎ እዚህም እዚያም ቆመው ይታያሉ፤ ከዚያ በተረፈ ዓይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው። ይህንን ሁሉ እርሻ የሚያርመውና የሚያጭደው የአገሩ ነዋሪ ብቻ አይደለም። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከዚያም ለማሽላ ቆረጣ፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላም ስፍራ እጅግ ብዙ ሰው ይወርዳል። ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ በቆላው የሚቀሩትን ደግሞ የአካባቢው ሰው ሳሉግ ብሎ ይጠራቸዋል። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን የማይሰጥ እህል ነው፤ ሁለት ቀን ቢዘገዩበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ይቸኩላል፣ ካቦው ይቸኩላል፣ ቀን ሠራተኛውም የተዋዋለውን ቶሎ ጨርሶ ገንዘቡን ለመቀበል ይቸኩላል። ፀሐዩ ከበረታ በጨረቃና በባትሪ መብራት ሌሊቱን የሚሠሩም አሉ።

በዚህ ችኮላ መካከል የማይቸኩል አንድ በሽታ አለ፤ እርሱም ካላዛር ነው።

የካላዛርን ነገር ሳይንስ ከመረመረው ቆይቷል። ስሙ ከሕንድ አገር የመጣ ሲሆን ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው። የበሽታውን ረቂቅ ተሐዋሲ ሊሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ ሳይተዋወቁ በየፊናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ለዓለም አስታወቁ፤ ተሐዋሲውም እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። በአገራችን በሽታው መኖሩ በጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1942 በደቡብ ቆላ ነው። የሑመራና የመተማ ሰፋፊ እርሻዎች ከተከፈቱ በኋላ ደግሞ ሰሜን ምዕራቡ ዋነኛው መናኸሪያ ሆነ። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የሚያዛምተው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፣ ከወባ ትንኝ እጅግ የሚያንስ፣ ሲበርር ድምፅ የማያሰማ ነፍሳት ነው። መኖሪያው የመረሬው ስንጥቅና የግራሩ ሥር ነው፤ የሚናከሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከተነከሰበት ቀን አንሥቶ በሽታው ገሀድ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የማይለቅ ትኩሳት ይመጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ እያበጠ ሆድን ይሞላል፣ አፍንጫ ይደማል። ሕክምና ያላገኘ ሕመምተኛ ከሞት የሚያመልጠው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በጊዜው የታከመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ለምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ አለ። ቀድሞ 30 ቀን በየዕለቱ በመርፌ ይሰጥ የነበረው ሕክምና፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ጠበብት ሁለት መድኃኒት አጣምሮ መስጠትን ከመከሩ ወዲህ ወደ 17 ቀን አጥሯል። በአብደራፊ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጤና ጣቢያ ጋር ሆኖ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ይህንን ሕመም ሲያክም ቆይቷል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ። በሕመሙ ላይ ኤች አይ ቪ ሲደረብበት ሕክምናው እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2015 በጎንደርና በአብደራፊ በ58 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ሙከራ ታላቅ ውጤት አስገኝቷል። ሁለት መድኃኒት አጣምረው ከወሰዱት ውስጥ፣ ሕክምናው ለሚያስፈልጋቸው ሁለተኛ ዙር ሲጨመርላቸው፣ ከመቶው 88 ያህሉ ከተሐዋሲው ጸድተዋል፤ አንዱን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ግን ከመቶው 55 ያህሉ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ጥምር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። በዚህ ቆላ በአገራችን ሕመምተኞችና በአገራችን ሐኪሞች የተገኘ ዕውቀት ለጎረቤት አገሮችም መመሪያ መሆኑን ብዙው የከተማ ሰው አያውቅም።

እንግዲህ ተሐዋሲው ታውቋል፣ ዝንቡ ታውቋል፣ ምርመራው አለ፣ መድኃኒቱም አለ። ታዲያ ሰው ለምን ይሞታል? ማይክሮስኮፑ ለዚህ መልስ የለውም። ከግራሩ ሥር እስከ ጤና ጣቢያው አልጋ ድረስ ያለውን መንገድ የሚመረምር ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ የማኅበራዊ ጤና ተመራማሪ የሚባለውም ይኸው ሰው ነው።

ይህ ሥራ ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ ነው ማለት ግን አይቻልም። በደንቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተማሪዎቹን በሆስፒታል ግቢ ዘግቶ አላስተማረም። ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የንጽሕና ጠባቂውን በአንድ ቡድን አድርጎ በየጤና ጣቢያው ይመድባቸው ነበር፤ እነርሱም ቤት ለቤት እየዞሩ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ከብቱ የት እንደሚያድር፣ ሕፃኑ ምን እንደሚበላ ይጠይቁና ይመዘግቡ ነበር። ደግሞም ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ያዩትን እናስታውስ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከመታጠቢያው በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አገኙ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ከአንድ ትዝብት እንዶድን በሽታ መከላከያ ለማድረግ የተደረገው ታላቅ ምርምር ተወለደ። ዶክተሩ በዚያች ሰዓት ያዩት የሴቶቹን ልማድ ነበር፤ የላቦራቶሪው ሥራ ኋላ መጣ። በሌላው ዓለምም እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ አስከሬን አንሰጥም ብሎ ከጤና ሠራተኛ ጋር ሲጋጭ፣ የቀብሩን ሥርዓት አጥንተው ቤተሰብ ሟቹን በክብር የሚሸኝበትን ከተላላፊነትም የተጠበቀ አቀባበር ለማግኘት የረዱት የሰውን ባሕል የሚያጠኑ ሊቃውንት ነበሩ።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልመለስ። ሳልናገረው ባልፍ ሥራውን በሚገባ አላስረዳሁም ማለት ነው።

ከውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ እንደ ተመለስሁ በመጀመሪያው የአጨዳ ወቅት ወደ አብደራፊ ስወርድ፣ ከባዕድ ቋንቋ የተተረጎመ ስድስት ገጽ መጠይቅ ይዤ ነበር። ጥያቄዎቹ በትምህርት ቤት ሚዛን ሲመዘኑ እንከን አልነበረባቸውም። «ባለፉት አሥራ አራት ቀናት ውስጥ ትኩሳት ነበረብዎት?» «የአልጋ አጎበር ይጠቀማሉ? ካልተጠቀሙ ምክንያቱ ምንድን ነው?» ይላሉ። ሰሊጥ አጫጁ ቀኑን በአሥራ አራት አይቆጥርም፤ «ከሚካኤል ወዲህ»፣ «ከጁምዓ ወዲህ» ነው የሚለው። ትኩሳት ሲባልም የሚያስበው ጥርስ የሚያንቀጠቅጠውን የወባ ንዳድ ነው፤ ማታ ማታ ብቻ ሞቅ እያደረገ ቀን የሚለቅቀውን የካላዛርን ትኩሳት ድካም እንጂ ሕመም አይለውም። ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። አጎበር ለምን እንደማይጠቀሙ ስጠይቃቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ «አላወቅንም ጌታው» ይሉኝ ነበር። እኔም «ምክንያቱ፦ ዕውቀት ማነስ» እያልሁ መዘገብሁ። የተማረ ሰው ሲጠይቀው ድኃው የሚሰጠው በጣም ጨዋ መልስ «አላውቅም» መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው።

አንድ ቀን በአንድ እርሻ ሠራተኞቹን ለመጠየቅ ፈቃድ ሳገኝ፣ ካቦው ትሕትና በተመላበት አኳኋን አብሮኝ መጣና አጠገቤ ቆመ። እኔም ቸርነቱን አመሰግን ነበር። ከተጠየቁት አንዱ ከደጋ የወረደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ነበር፤ አሥረኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ፣ ለደብተርና ለቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ እንደ መጣ ነገረኝ። ትኩሳት እንዳለበት ጠየቅሁት። ወደ ካቦው ቀና ብሎ አየና፣ «የለብኝም፣ ደኅና ነኝ» አለ። እኔም «ትኩሳት፦ የለም» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው አለፍሁ።

ከአርባ ቀን ያህል በኋላ ያው ልጅ በትራክተር ተጎታች ላይ ተጭኖ ወደ ሕክምና መጣ። ፊቱን ያወቅሁት በጭንቅ ነው። እግሩ ቀጥኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ አፍንጫው ይደማ ነበር። ምርመራው ካላዛር መሆኑን አሳየ፤ መርፌውም በዚያው ቀን ተጀመረ። በሦስተኛው ሌሊት ሞተ።

አብሮት የመጣው ጓደኛው የነገረኝ እንዲህ ነበር። እኔ በጠየቅሁት ቀን ልጁ ትኩሳቱ ከጀመረው ቆይቶ ኖሯል። ከመድኃኒት ቤት የወባ ክኒን ሦስት ጊዜ ገዝቶ ውጧል። ነገር ግን አመመኝ ያለ ሠራተኛ ስሙ ከካቦው ወረቀት ይሠረዛል፤ በኮንትራት የተያዘው መሬት ታጭዶ ሳያልቅ የወጣም የደከመበትን አይቀበልም። ልጁ በትምህርት ቤት ደብተሩ የኋላ ገጽ የሠራበትን ቀን ሁሉ በመስመር እየመዘገበ ይዞ ነበር። ገንዘቡም፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ለቤተሰቡ አልደረሰም።

ያን ቀን ያንን ጥያቄ ከካቦው ራቅ አድርጌ በሌላ አነጋገር ብጠይቀው ኖሮ ሊድን ይችል ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ከአርባ ቀን በፊት የተጀመረ ሕክምና ብዙውን ያድናልና፣ ሊድን ይችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሥራችን አኳኋን ተለወጠ። ከሁሉ አስቀድሞ መጠይቁን አስቀምጠን ለብዙ ቀናት ምንም ሳንጽፍ አብረናቸው ተቀመጥን። በዚህም ረገድ አስተማሪዬ የሆነው ቀድሞ በአረም ሥራ የኖረ አንድ የጤና ጣቢያ ዘበኛ ነው፤ «ጌታው፣ ለእርስዎ የሚነገረው ሌላ፣ ማታ እሳት ዳር የሚነገረው ሌላ ነው» ያለኝ እርሱ ነበር። ስለዚህ ማታ እሳት ዳር ሄድን። ከበለሳ የመጡ አምሳ ዓመት ያህል የሚሆናቸው አንድ ሰው ከከረጢታቸው ያልተፈታ አዲስ አጎበር አውጥተው አሳዩኝ። «አያ፣ ታዲያ ለምን አይተኙበትም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ በምን ላይ ልስቀለው? ግራሩ ሥር እኮ ነው የምንተኛ። ሌሊቱን እኩሌታውን ስናጭድ ነው የምናድረው። ይኼን ለልጆቼ ይዤላቸው ልገባ ነው» አሉኝ። እኒህን ሰው በቀድሞው መጠይቄ ብጠይቃቸው ኖሮ «ዕውቀት ማነስ» ብዬ እመዘግባቸው ነበር! አጎበሩን ዋጋ ያለው ዕቃ መሆኑን ከማወቃቸው የተነሣ ነው ያልተጠቀሙበት።

ተመራማሪው በየዕለቱ የሚሠራውን ለማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ በአጭሩ ልግለጽ። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱ በሥነ ምግባር ሸንጎ ይመረመራል። ተጠያቂው ለምን እንደሚጠየቅ ተነግሮት በፈቃዱ ይናገራል፤ ባይፈቅድ ሕክምናው አይጎድልበትም። ስሙ አይጻፍም። ቃሉ በድምፅ መቅጃ ይያዝና እርሱ እንደ ተናገረው፣ ሳይታረምና ሳይቆነጅ፣ ወደ ወረቀት ይገለበጣል። ይህ የመገልበጥ ሥራ እጅግ አሰልቺ ነው፤ የአንድ ሰዓት ንግግር ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን ዋናው ሀብት ያለው እዚያው ነው፤ ሰውየው «ደኅና ነኝ» ከማለቱ በፊት ዝም ያለበት ጊዜ እንኳ ይመዘገባል። ከዚያም ብዙ ሰዎች የተናገሩት እየተነጻጸረ፣ ተደጋግሞ የመጣው ምክንያት እየተለየ ይወጣል። ከፍተኛ ተመራማሪ የተባለ ደግሞ ከዚህ ሌላ መረጃ ሰብሳቢዎችን ያሠለጥናል፣ ያስተማራቸውንም በሜዳ ተከትሎ ያያል። እኔ ከምሰጣቸው ትምህርት የመጀመሪያው የት እንደሚቆሙ ነው፤ ካቦው በማያይበትና በማይሰማበት፣ ከተቻለም ተቀምጠው እንዲጠይቁ። ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ቀረጥ ሰብሳቢ ይመስላል።

ከሐኪሞቹ ጋር የምንከራከርበትም ጊዜ አለ። አንዳንዱ ሐኪም፣ «ከመቶው ስንቱ እንዲህ አለ? ቁጥሩን አምጣልኝ» ይላል። ቁጥር አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ የቁጥር ጥናትም እንሠራለን። ይሁን እንጂ ከሐሰተኛ መልስ የተደመረ ቁጥር ቢደመር ቢቀነስ ሐሰት ነው።

ሠራተኞቹ ከነገሩን ውስጥ ዋናው የሕመሙን መንገድ የሚመለከት ነው። ታማሚው መጀመሪያ ወባ መስሎት ከመድኃኒት ቤት ክኒን ይገዛል። ሁለተኛ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ይሄድና የወባ ወይም የታይፎይድ መድኃኒት ይሰጠዋል። ሳይሻለው ሲቀር ወደ ፀበል የሚሄድ አለ፤ ለትራንስፖርት ስለሚቸግረው ወደ እርሻው የሚመለስም አለ። በክረምት መንገዱ በጭቃ ይዘጋል። በመጨረሻ ካላዛር በሚታከምበት ስፍራ ሲደርስ ወራት አልፈዋል። በምዕራብ ትግራይ በሑመራ አካባቢ በቀን ሠራተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ነገር አሳይቷል፤ ሠራተኛው የበሽታውን ስም አለማወቁ ብቻ ሳይሆን፣ በየጤና ተቋሙ ተመላልሶ በሽታው ሳይታወቅለት መቅረቱም ያዘገየዋል። ስለዚህ ወቀሳው በሠራተኛው ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም።

ስለ ፀበል ጥቂት ልጨምር። ወጣት ተመራማሪዎች ፀበልን እንደ እንቅፋት አድርገው መጻፍ ይወዳሉ፤ እኔም ጽፌአለሁ። ነገር ግን ፀበሉ ዘንድ ሄደን ስናይ፣ ገንዘብ የሌለው ሕመምተኛ ያለ ክፍያ የሚያድርበት፣ ሌላ ሰው የሚያስታምመው ስፍራ እርሱ ብቻ መሆኑን ተረዳን። ካህናቱን በአክብሮት ባነጋገርናቸው ጊዜ ሆዱ ያበጠውን ታማሚ ሐኪም ዘንድ ደርሶ እንዲመለስ መክረው የላኩ ነበሩ። ፀበሉንም መድኃኒቱንም ለመያዝ ማንም አልተቸገረም።

ከኤች አይ ቪ ጋር የተያያዘው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። ጥምር ሕክምናው መልካም ነው ብያለሁ፤ ነገር ግን አንዳንዱ ሕመምተኛ ሁለት ዙር ሲያስፈልገው ሁለት ወር ያህል በአልጋ ላይ ይቆያል። ሁለት ወር ሙሉ ያልሠራ ሰው ለቤቱ ምን ይልካል? ለሚስቱስ ምን ብሎ ይነግራታል? መድኃኒቱን የሚያዘጋጁት ሊቃውንት ይህንን እንዲያስቡበት ቃሉን የሚያደርስላቸው ይኸው ተመራማሪ ነው።

የጥናት ወረቀት ብዙ ጊዜ በመሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር አልደብቅም። በባዕድ ቋንቋ ይታተማል፤ ባለ እርሻውም፣ ካቦውም፣ የወረዳው ሹምም አያነቡትም። እኛ ከብዙ ድካም በኋላ የተማርነው ውጤቱን በአማርኛ በሁለት ገጽ አሳጥረን በባለ እርሻዎች ስብሰባ ላይ ማንበብ ነው። አንድ ባለ እርሻ፣ «የታመመውን በቶሎ ብልክ ሥራዬ ይጎድላል እንጂ ምን እጠቀማለሁ?» ብለው ሲጠይቁ ሌላው፣ «የሞተ ሠራተኛ በዘመዶቹ ፊት ምን ያህል እንዳስከፈለኝ እኔ አውቃለሁ» ብለው መለሱላቸው። የእኔ ንግግር ያላደረገውን የእርሳቸው አደረገው። ከዚያ ወዲህ እስከ ታመመበት ቀን ድረስ የሠራበትን ሒሳብ ለመክፈል የተስማሙ ጥቂቶች አሉ፤ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያም በሱዳን የተነሣው ጦርነት በመተማ በኩል ያፈለሰው ሕዝብ፣ ከዚያም ወዲህ በክልሉ የተከተለው ግጭት መንገዱንም ሥራውንም አስቸጋሪ አድርጎታል። ለመድረስ ያልቻልንባቸው ወቅቶች ነበሩ፤ ሰሊጡ ግን በእነዚያም ወቅቶች ታጭዷል።

ደጋ የሚኖሩ አንባቢዎች ይህ የቆላ ነገር ነው ብለው ገጹን እንዳይዘልሉ በሊቦ ከምከም የሆነውን ልንገራቸው። በዚያ የደጋ ወረዳ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ሲሞቱ ብዙዎች መድኃኒት የተቋቋመ ወባ ነው ብለው ገምተው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ካላዛር መሆኑ ታወቀና በአዲስ ዘመን ሕክምና ተከፈተ። በሽታውን ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደ ወጡ ይታመናል። በኋላ በዚያው ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ሲጠና፣ ቀን ቀን ከግራር ሥር የሚተኙና ሌሊት ከቤት ውጭ የሚያድሩ ይበልጥ መያዛቸው ታየ። ይህም የተገኘው ሰዎች የት እንደሚተኙ በመጠየቅ ነው።

በሽታው ገሀድ የሚወጣው ከወራት በኋላ ስለ ሆነ፣ በክረምት ዕረፍት ለአረም ወርዶ በጥቅምት ወደ ክፍሉ የተመለሰ ተማሪ በታኅሣሥ ወይም በየካቲት፣ ቆላውን ከረሳው በኋላ ሊታመም ይችላል። የመንደሩ ጤና ጣቢያ ወባ ይለዋል፤ መምህሩ ደግሞ ሰነፈ ይለዋል። መምህራን በክፍል ፊት ሳይሆን ለብቻው ጠርተው፣ «ዘንድሮ ወይም አምና ሰሊጥ ወርደህ ነበር? የት ትተኛ ነበር? ማታ ማታ ሰውነትህ ይሞቃል?» ብለው ቢጠይቁት እኛ ተመራማሪዎቹ ከምንደርስበት ቀድመው ይደርሳሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ካለበት፣ በተለይም ከግራ ጎኑ ጣፊያው ካበጠ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሲላክ ቆላ እንደ ነበረ የሚገልጽ ቁራጭ ወረቀት በእጁ ይያዝ። ያቺ ወረቀት ብዙ የወባ ክኒን ታስቀራለች።

በአውቶቡሱ ውስጥ ያገኘኋቸው መምህር ስንለያይ አድራሻዬን ወስደው ነበር፤ በጥር ወር ደብዳቤ ደረሰኝ። ከተማሪዎቻቸው ሁለቱን ለብቻ ጠርተው ጠይቀዋል። አንዱ ጤነኛ ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ «ደኅና ነኝ» ብሎ ነበር፤ ክፍያ የሚጠየቅ መስሎት ነው። በማግሥቱ እንደገና ጠይቀውት እውነቱን ነገራቸው፤ ወደ ጎንደርም ላኩት። ደብዳቤውን በጻፉበት ቀን ከአሥራ ሰባቱ መርፌ አሥራ አንደኛውን ወስዷል። የግማሽ ዓመቱ ፈተና ስላለፈበት ትምህርት ቤቱ እንዲፈትነው ከሐኪም የሚጻፍ ማስረጃ እንዴት እንደሚገኝ ጠይቀውኛል፤ እኔም ለሐኪሞቹ ጽፌአለሁ።